የቤንዚን ማርከሻ

ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ከእሱ በፊት ሽታው ይደርስ ነበር። እናቴ ልብሱን በር ላይ ታስወልቀውና ለብቻው ታጥባለች። አይለቅም። ማራኪ ሰፈር ከተከራየናት አንድ ክፍል ዛሬም አልወጣም። ወይም የሚሸተው ለእኔ ብቻ ይሆናል።

ሥራው መጀመሪያ የነዳጅ ቦቴ ውስጥ ገብቶ ማጠብ ነበር። ዓመታት ሠራው። በኋላ ከአራዳ ወረድ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ ማደያ ፈርሶ ሕንፃ ሊሠራበት ሆነ። ከመሬት ሥር የተቀበሩትን ታንከሮች የሚያወጣ፣ ነዳጅ የጠጣውን አፈር የሚዝቅ ሰው ተፈለገ። እሱም ገባ። ጓንት የለም። አፋቸውን በፎጣ አስረው ታንከሩ ውስጥ ይወርዱና የረጋውን ዝቃጭ በአካፋ ይጠርጋሉ። አሠሪው ግን ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዳቸው አንድ ብርጭቆ ወተት ያጠጣቸዋል። ወተት የቤንዚን ማርከሻ ነው ይባላል። እኛ ቤት ይህን የሚጠራጠር አልነበረም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እናቴ ጹም አለችው፤ ወተቱን ተወ።

አንድ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ይዞብኝ ስለሄደ ልቀበለው ሄድኩ። ወተቱ እየታደለ ነበር። ከጭልጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ አሉ፤ ሁሉም አያ ይሏቸዋል።

«ምነው መነኩሴው» አሉት፤ «ቤንዚኑም አብሮህ የሚጾም መሰለህ? እኔ እንኳ ከነፍስ አባቴ አስፈቅጃለሁ፤ መድኃኒት ነው ብዬ።»

«አያ፣ አንቱ ስንት ዘመን ጠጡ» አለ ወንድሜ። «ሳሉ መቼ ለቀቀዎ?»

ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌውም እየሳሉ ሳቁ። «እንግዲያ ያንተም ድርሻ የእኔ ነው!» ብለው ብርጭቆውን ጭልጥ አደረጉት።

ጾሙ ሳይጋመስ ድካም ጀመረው። ከታክሲ ወርዶ ቤት እስኪደርስ መንገድ ላይ እየተቀመጠ ያርፋል። ከዚያ ድዱ ደማ። ማንም ሳይመታው ክንዱ በልዞ ተገኘ። እናቴ «ወተቱን ስለተወ ነው» አለች። ነፍስ አባታችን ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። እሳቸውም «የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ይጠጣ» አሉ። ሆስፒታል ሲተኛ በየቀኑ ሸጋ ወተት እየፈለገች ወሰደችለት። ሲጎነጭ ያስመልሰዋል።

«በግድም ቢሆን ዋጠው፣ ልጄ።»

ይውጣል። ለእሷ ሲል ነበር።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። መቅኔው ደም መሥራት አቁሟል አለኝ። ሥራው ምን እንደነበር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ከዚያ ነው ብዬ ልምልልህ አልችልም። ግን ቤንዚን እንዲህ ያደርጋል። በትንፋሽ ይገባል፤ በቆዳም ይገባል።»

ወተቱንስ ቢጠጣ ኖሮ አልኩት።

«ወተት ሆድ ነው የሚገባው» አለ። «ይኼ ደሙ ውስጥ ነው።»

ደም ተሰጠው። እኔም ሰጠሁ። ጥቂት ቀን ፊቱ ወዝ አገኘ፤ ቀለደም። ከዚያ... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከፋሲካ በኋላ ቀበርነው።

እናቴ ለቅሶ ለደረሰ ሁሉ «የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ጹም ያልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ሴቶቹ ዝም ሊያሰኟት ይሞክራሉ፤ በልባቸው ግን እንደሚያምኗት ፊታቸው ላይ አያለሁ። አንድ ቀን ሰው ሲወጣ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳት። ቢጠጣም ባይጠጣም ያው ነበር አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ።

«የማበላው፣ የማጠጣው ነገር አያድነውም ነበር?»

«አያድነውም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ እማዬ።»

ላጽናናት ነበር። እንዲያ ስትጮኽ ግን በቀብሩም ቀን አልሰማኋትም። ጎረቤቶች ሮጠው ገቡ።

«ምን ብለሃት ነው?» አሉኝ።