ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር

"ይኼን ፍታና ማራገቢያ ያለውን ግጠምልኝ" አሉኝ ጋሽ ተፈራ ዛሬ ጠዋት፣ ስንት የተጨነቅኩበትን ትንሽ ኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው።

ፈላና በር አጠገብ ባለችው ሱቄ ኮምፒውተር እገጣጥማለሁ። እሳቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሲያሠሩኝ "እንዳይጮህ፣ እንዳይግል" ብለው ለምነውኝ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ታመው የተኙት እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ትንሽ ኮሽታ ያባንናቸዋል። ደግሞም እትዬ ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይገባው ብለው የሠሩለትን ዳንቴል ካላለበሱት አይሆንላቸውም። (እኛ ሰፈር ዳንቴል ያልለበሰ ኮምፒውተር እንደ ራቁት ሰው ነው የሚታየው።)

ስለዚህ ፍጥነቱን ትቼ፣ ያለ ማራገቢያ የሚሠራ፣ የማይግል ፕሮሰሰር መረጥኩ። ዳንቴሉ ሥር ሆኖ እንኳ ለብ ከማለት አያልፍም ነበር። ኮርቼበታለሁ።

እትዬ አስቴር ባለፈው ሳምንት አረፉ። የለቅሶው ድንኳን የተነሳው ትናንት ነው።

"ተበላሸ እንዴ ጋሼ?" አልኳቸው።

"አልተበላሸም ልጄ። ከፍቼውም መሥራቱን አላውቅም፤ ትንፍሽ አይልም። ቤቱም ትንፍሽ አይልም። ከእንግዲህ ማን እንዳይባንን ብዬ ነው? ይጩህ።"

ዳንቴሉን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።

አሁን የሚጮኸውን እየገጠምኩ ነው። እናንተስ፣ ስታማርሩት ኖራችሁ ዝም ያለ ቀን ያስፈራችሁ የቤታችሁ ድምፅ የቱ ነው?