ለአባቴ የመረጥነው ፍሪሲዮን

በእኛ ቤት ለአባት «ይበቃዎታል» አይባልም። አባት ሲሳሳቱ ከኋላ ከኋላቸው እየሄዱ ማስተካከል ነው እንጂ ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው። መንዝ ውስጥ ይህን ጨዋነት ይሉታል። እኔ ግን ፈሪነት ነው እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ነገሩን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባቴ መሐል ሜዳ ላይ የታወቁ ሾፌር ነበሩ። መኪናቸው ደግሞ ከእሳቸውም በላይ ትታወቅ ነበር፤ ሁለት በር ያላት ቀይ የውድድር መኪና ናት። በአዲስ አበባ ዙሪያ በአቧራ መንገድ ስትወዳደር ኖራ ባለቤቷ ሲሰለቻት ለአባቴ ሸጠላቸው። ሌላው በግና ገብስ የሚጭንበት መኪና ሲገዛ እሳቸው ይቺን ይዘው መጡና አገር ሳቀባቸው። ሲቆይ ግን ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር፣ አውቶቡስ ያመለጠው በሽተኛ ሲገኝ የሚንኳኳው የእኛ በር ሆነ። አባቴ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ያደረሷቸው እናቶች ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

የመንዝ ብርድ ቀስ በቀስ ግራ ጉልበታቸውን ያዘው። ከመኪና ሲወርዱ በሩን ጨብጠው ትንሽ ይቆሙና «ቁርጥማት ነው፣ ይለቃል» ይላሉ። አንድ ቀን ከሞላሌ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮን ሊረግጡ ሲሉ ግራ እግራቸው ዘገየ። ማርሹ አልገባ አለ፤ መኪናዋ ወደ ገደሉ አፋፍ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ፍሬን ይዘው አቆሟት። ሁለታችንም ላብ አጥምቆን ነበር። ከዚያ እስከ ቤታችን ድረስ ምን ተነጋገርን? ስለ ገብስ። ዘንድሮ ገብሱ እንዴት እንዳማረ ተነጋገርን።

ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ቢሮ ነበር የሚሠራው። የሆነውን ነገርኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ እግዜር ያውቃል፣ ፈርቼ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የመኪናዋ ፍሪሲዮን አለቀ። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ ፈቀቅ አትልም፤ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አባቴ እኔንና ወንድሜን ጠርተው «አዲስ አበባ ሂዱና ደህና ፍሪሲዮን መርጣችሁ አምጡ» አሉን። አምነው ነው የላኩን።

ሶማሌ ተራ ያገኘነው የመለዋወጫ ነጋዴ ሁለት ዓይነት አወጣልን። አንደኛው እንደ ማንኛውም መኪና ፍሪሲዮን ነው፤ የሚገፋው ሞላው ለስላሳ፣ የሚጨብጠው ሸራው ተራ። ሌላው ለውድድር የተሠራ ነው፤ ሲያነሡት ይከብዳል፣ ሸራው ላይ ብረት ብረት አለበት።

«ይሄኛው ዳገት አይል ቁልቁለት አይል፣ አይንሸራተትም» አለ ነጋዴው። «አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። ግን እግር ይፈልጋል።»

«እግር ይፈልጋል ማለት?» አልኩት።

የጠየቅኩት እኔ፣ የመለሰው ለወንድሜ። ሴት ስለ ፍሪሲዮን ምን አግብቷት! «ፔዳሉ ጠንካራ ነው። ሲለቁትም ቀስ ብሎ አይዝም፣ ባንዴ ነው የሚጨብጠው። የሚነዳው ማን ነው?»

«ጎረምሳ ነው» አለ ወንድሜ።

ዞሬ አየሁት። ዓይኑን ከሸራው ላይ አላነሣም። «መኪናዋ የውድድር ናት፤ የሚገባትም የውድድር ነው» ብሎ ከባዱን አሳሰረ።

ከሱቁ እንደወጣን ያዝኩት። «ጋሼ፣ አባባ ናቸው ጎረምሳ?»

«ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራተትን ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በይ ሂጂና ‹መንዳት ይተዉ› በያቸው። ትችያለሽ? እኔ አልችልም። መኪናዋ ራሷ ትንገራቸው።»

«ይሄ ክፋት ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። ጮኼ ምን አደረግኩ? ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ መሐል ሜዳ ተሸክሜው ሄድኩ። ወንድሜን ስረግም ዛሬ ድረስ ያቺ ካርቶን ጭኔ ላይ ትከብደኛለች።

የሰፈራችን መካኒክ ገጥሞ ሲጨርስ ጠራኝ። መንዳት ያስተማሩኝ አባቴ መሆናቸውን ያውቃል። «ነይ እስቲ እርገጪው» አለኝ። ረገጥኩት። ጭኔ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም።

«እንዴት ነው? ለእሳቸው አይከብድም?»

«ጥሩ ነው። ይለምዱታል» አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏችኋል ይሄ ነው።

በማግስቱ ገበያ ነበር፤ መንገዱ በሰው ሞልቷል። አንዲት ጎረቤታችን ትኩሳት ጥሏት፣ ተደግፋ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ። አስነሡና ረገጡት፤ ትከሻቸው ሳይቀር አብሮ ሲገፋ አየሁ። ሲለቁት መኪናዋ ዘለለችና ሞተሩ ጠፋ። እንደገና አስነሡ፤ ዘላ ጠፋች። ለሦስተኛ ጊዜ።

«አባባ፣ በቅሎ ነው እንዴ የገዙት?» አለ አንዱ፤ ገበያው ሳቀ። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። የሳቁት እነማን መሰሏችሁ? እናቶቻቸውን አባቴ በዚያች መኪና ያመላለሱላቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉንም በየተራ በጥፊ ባጮላቸው ደስ ባለኝ።

ወንድሜ መንገድ ዳር እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ነበር። ቀረብ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ «አባባ፣ ይውረዱ፣ እኔ ልያዛት» አላቸው።

«አንተ አትንካት!» አልኩት። በዕድሜዬ አንተ ብዬው አላውቅም። «ዕቃውን መርጠህ ስታበቃ አሁን አዛኝ ትመስላለህ?»

አባቴ እጃቸውን አነሡ። ግራ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ከመኪናዋ አወጡና እዚያው በሩ ላይ ተቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ፍሪሲዮን ረግጫለሁ» አሉ፤ እኛ ብቻ እንድንሰማው ቀስ ብለው። «የጎረምሳ ዕቃ መሆኑን ገና ስነካው አወቅሁት። ‹አባባ፣ ይበቃዎታል› ብላችሁኝ ቢሆን እቆጣ ነበር። አንድ ሁለት ቀን እቆጣና ቁልፉን እሰጣችሁ ነበር። በገበያ ፊት ምን አድርጌያችሁ ነው?»

ወንድሜ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ሲገጠም ማን ሞከረው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ጥሩ ነው አልኩ።»

ከዚያ ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩት። «እንግዲያው አንቺ ንጂ። ሴትዮዋ ታማለች።»

ነዳሁ። እስከ ሞላሌ ድረስ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ስረግጠው ወንድሜን እየሰደብኩ፣ ራሴን እየሰደብኩ፣ ጨዋነት የሚሉትን ነገር እየሰደብኩ። ሴትዮዋን ሆስፒታል በጊዜ አደረስኳት።

በወሩ ሶማሌ ተራ ብቻዬን ተመልሼ ያንን ለስላሳውን ፍሪሲዮን አመጣሁ። መካኒኩ ገጠመው። እንደ ቅቤ ነው፤ በጣት ቢጫኑት ይወርዳል። መኪናዋን አጥቤ ደጃችን አቆምኳትና ቁልፉን ይዤ አባቴ ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ ቀይሬዋለሁ። ይሞክሩት፣ አሁን ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«ያኔም ጥሩ ነው ብለሽ ነበር» አሉኝ። ከዘራቸውን አንሥተው ገብሳቸውን ሊያዩ ወረዱ።