ያደመቅኳቸው ደረሰኞች

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የሞተ የለበትም፣ የታሰረም የለበትም። አንዲት ሴት ወደ ባሏ ልትሄድ ወረቀት አስገባች፣ ሳይሳካላት ቀረ። እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ አለ። ደግሞም ታሪኩ የእህቴ እንጂ የእኔ አይደለም። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የክፍል ማስታወሻ ስይዝ፣ ስምንት ቁጥር ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ስለዚህ የእኔም ሳይሆን አይቀርም።

እህቴ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። እታበባ ነው የምላት። ያኔ ከእናታችን ጋር ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው አሮጌው የቀበሌ ቤት ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። እታበባ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ትሠራለች፣ እኔ እማራለሁ። ባሏ የሰፈራችን ልጅ ነው። አሜሪካ ሲሠራ ቆይቶ መጣ፣ ተጋቡ፣ በወሩ ተመለሰ። ከዚያ ጀምሮ፣ ብዙም ባይሆን፣ በየወሩ ሳያቋርጥ ገንዘብ ይልክላት ነበር።

ገንዘቡን ስትቀበል ዋናው ደረሰኝ እዚያው ባንክ ይቀራል። ለእሷ የሚሰጣት ከካርቦኑ ሥር የሚወጣው ቢጫ ቅጂ ነው። ቅጂዎቹን በፌስታል ጠቅልላ ከቁም ሳጥኑ ሥር ታስቀምጣቸው ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ያ ወለል ይረጥባል።

የቪዛ ቃለ መጠይቋ ቀጠሮ ለመስከረም ሲመጣ የአሜሪካ ኤምባሲ ከጠየቃቸው ማስረጃዎች አንዱ የገንዘብ ሰነድ ነበር። ባልና ሚስት ተራርቀውም ኑሯቸው አንድ መሆኑ የሚታየው በዚያ ነው ተባለ። እታበባ ልጅ የላትም፣ ከባሏ ጋር በጋራ የያዙት ቤትም የለም። ያላት እነዚያ ቢጫ ወረቀቶች ነበሩ።

እናቴ ግን ሌላ ማስረጃ አገኘች።

«የእድሩን ደብተርስ? ስሙን አስገብቼለት የለም እንዴ?»

«እማዬ፣ ኤምባሲው ሲሞት ማን ይቀብረዋል ብሎ አይጠይቅም።»

«ታዲያ ምኑን ጠየቀ! ለመቅበር የቆረጠ ቤተሰብ ለማኖር ይሰንፋል?»

እታበባ በሳቅ ፈረሰች። ስለዚያ ወረቀት ስታወራ የሳቀችው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አላስታውስም።

ነሐሴ የዩኒፎርም ሥራ የሚከመርበት ወር ስለሆነ ደረሰኞቹን ፎቶ ኮፒ እንዳስነሣ ለእኔ ሰጠችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ነበር፤ ታምኜ መላኬ ኩራት ሆነብኝ። ልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ሰውየው የመጀመሪያውን አነሣና ነጩን ወረቀት አሳየኝ።

«እናት፣ ይሄ ደረሰኝ ነው ወይስ የቅቤ መጠቅለያ?»

«ደረሰኝ ነው። ትንሽ ደብዝዞ ነው።»

«ማሽን ያለውን ነው የሚያነሣው፣ የሌለውን ከየት ያምጣልሽ? ሂጂ፣ የሚታይ አምጪ።»

በትምህርት ቤታችን ለደብተር ንጽሕና አምስት ማርክ ይሰጥ ነበር። እኔ አምስቱን አጥቼ አላውቅም። የደበዘዘን ጽሑፍ ማድመቅ ደግሞ እኛ ጋ የጎበዝ ተማሪ ሥራ ነበር፤ አስተማሪዎቻችን የክፍሉን መዝገብ ሳይቀር ያስደምቁኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ገበያ፣ እታበባ ሥራ ቦታ እያሉ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀኑን፣ ስሙን፣ የገንዘቡን መጠን አንድ በአንድ ሄድኩባቸው። ምላሴን ነክሼ፣ ከመስመር ሳልወጣ። የማይነበብ ሲገጥመኝ ወደ መስኮቱ አነሣዋለሁ። አንዱ ላይ የመጀመሪያው አኃዝ ሦስት ይሁን ስምንት አልለይ አለኝ። የቀኝ ጎኑ ብቻ ይታያል። ስምንት አደረግኩት። ለምን ስምንት? ባሏ ብዙ የላከ እንዲመስል ብዬ አልነበረም ብል ደስ ይለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«አሁን ገና ሰው ሆኑ!» አለ የፎቶ ኮፒው ሰውዬ።

በየቀናቸው ደርድሬ ከኮፒያቸው ጋር ክላሰር ውስጥ ከተትኳቸው። እታበባ ማታ ከሥራ ስትመለስ በቁሟ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ግንባሬን ሳመችኝ።

«ባንኩ ነው እንዴ እንዲህ አድርጎ ያስተካከለልሽ? ወይ አንቺ ልጅ፣ ነገ እኮ ዳይሬክተር ነሽ!»

ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን አዎ ብላ ወሰደችው፣ እኔም አላረምኳትም። ምስጋናውን አጣጥሜ ልጨርሰው ፈልጌ ነበር።

በቀጠሮዋ ቀን እናቴና እኔ ከኤምባሲው አጥር ማዶ ቆመን ጠበቅናት። ስትወጣ በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች። የሆነውን ለእናቴ የነገረቻት ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው። ቃለ መጠይቁን ያደረገው ሰው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ወደ መብራት አነሣ። ከአንዱ ላይ ቆመ። ባሏ ከዚያ ባስገባው የመላኪያ ወረቀት ላይ የዚያ ወር ገንዘብ ሦስት መቶ ዶላር ይላል፣ የእሷ ደረሰኝ ስምንት መቶ።

«ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቃት።

«ባንኩ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አዎ፣ ባንኩ ነው።»

ደረሰኞቹን ለይቶ አስቀራቸውና ቪዛው መከልከሉንና ፋይሉ ለዳግም ምርመራ ወደ አሜሪካ እንደሚመለስ የሚገልጸውን ወረቀት ሰጣት። እናቴ «እግዚኦ!» አለች። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት አንድ እስትንፋስ ነው። እኔ ግን ውሃ ላመጣላት ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ አሮጌው ቤታችን ለመልሶ ማልማት ፈረሰና ኮንዶሚኒየም ገባን። ግድግዳው ድምፅ አያስቀርም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እታበባ ከባሏ ጋር በስልክ ስትነጋገር ሰማኋት። የሚላትን ባልሰማም ከመልሷ ገባኝ።

«አላታለልኩህም... ለምን ብዬ እጨምራለሁ? ... እሺ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩበት። ስለደበዘዘ ነው። አለማሰቤ ነው።»

ነገሩን ለመቋጨት ብቻ ያለችው መሰለኝ። እሱ ግን ያንን ይዞ ቀረ። ለፋይሉ ብላ የዋሸች ለእኔስ ምን ነገረችኝ ሳይል አልቀረም። ስልኩ ከሳምንት ወደ ወር ተራራቀ፣ የሚልከውም ቆመ፣ ፋይሉን የሚያንቀሳቅሰው ጠፋ። በመጨረሻ የመጣው ወንድሙ ነው፣ የውክልና ወረቀት ይዞ። በስምምነት እንፋታ ይላል።

ከኮንዶሚኒየማችን እስከ ፍርድ ቤቱ የእግር መንገድ ነው። እናቴ «እግሬ እሺ አይለኝም» ብላ ቀረች፤ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ዳኛዋ ጥያቄያቸው አጭር ነበር፣ የእታበባም መልስ አጭር። ስምምነቱን አጸደቁት። እታበባ ለውሳኔው ግልባጭ ከፈለች፤ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ዋናውን ደረሰኝ አስቀርታ ከካርቦኑ ሥር ያለውን ቢጫ ቅጂ ቀድዳ ሰጠቻት።

እታበባ ቅጂውን ትንሽ አየችው። አንድ ጊዜ አጠፈችና ዘረጋችልኝ።

«ያዥልኝ» አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «እንዳትጽፊበት» አለች።

ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ስምንት ስጽፍ ከላይ ትልቅ፣ ከታች ትንሽ ክብ አደርጋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ «ተገልብጦብሻል» እያለች የምትስቅብኝ እሷ ነበረች። ያኔ ገባኝ፤ ከስምንቱ የማን እጅ እንደጻፈው አውቃ ኖሯል። ለባሏ «እህቴ ናት፣ ልጅ ናት» ብትለው ምናልባት ይመለስ ነበር። አላለችውም። ለእኔም አንድ ቀን አላነሣችብኝ።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዷን ያዝኩት። «እታበባ» አልኩ።

«ተዪው» አለችኝ። «ዩኒፎርም የሚረከቡ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።»

ደረሰኙ እስካሁን ዶርም ውስጥ ከመጽሐፌ መሐል አለ። ቀለሙ ለቋል፣ የገንዘቡ መጠንም ቀኑም አይነበብም። እስክሪብቶ አላስነካሁትም። ቀኑን የማውቀው በቃሌ ነው፤ ግንቦት 23 ቀን 2004 ዓ.ም.።