በተጠረገው ግቢ ላይ

ጋምቤላ በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ወጣት አኙዋክ «ኢትዮጵያ እንዴት ናት? ደህና ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱን አየሁት፤ አይስቅም። «እዚህስ የት ነው?» አልኩት። «እዚህ ጋምቤላ ነው። ኢትዮጵያ ዳገቱን ስትወጪ ነው ያለችው» አለኝና ወደ ታይፑ ተመለሰ። ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲያናድደኝ ዋለ። እንዲህ ያለው ንግግር ቀልድ ይሁን ስድብ ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ ውስጥ የሚያድርብኝ ሴት ነኝ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ማኅተም ይቀረጻል፣ ወንበር ግን የለም። የሥራው ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ በአሥር ጣት የሚጽፍ ታይፒስት ተፈለገና እኔ ከጎሬ ተላክሁ። አብራኝ የመጣችው የአራት ዓመት ልጄ ብቻ ናት፤ አባቷ ጥሎን ከሄደ ቆይቷል። የተሰጠኝ ሥራ ሁለት ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍና ያንን ወጣት ታይፕ ማስተማር። እንቅልፍ የነሣኝ ሁለተኛው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ቋሚ እንደምንሆን የቢሮው ኃላፊ ነግሮናል። ቋሚ የሆነው የመንግሥት ቤቱን ይይዛል፣ ያልሆነው ሻንጣውን ይይዛል። ጎሬ ደግሞ የምመለስበት ቤት አልነበረኝም። እንግዲህ ከልጄ ጋር ከቤት የሚያስወጣኝን ሰው በገዛ ጣቶቼ እያስተማርኩ ነበር።

ወጣቱ ፈጣን ተማሪ ነበር። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ቁልፉን አይደበድቡትም። በሦስት ወር ውስጥ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ መጻፍ ጀመረ። መጀመሪያ ኮራሁ፣ ወዲያው ፈራሁ። «ቲቸር» ይለኛል፤ አክብሮት ይሁን ፌዝ አይለይም።

የምንኖረውም ጎን ለጎን ነው። አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት በጭቃ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ወገን ለእኔ፣ አንዱ ለእሱ ተሰጥቷል። በግቢዎቻችን መካከል አጥር አልነበረም። «እባብ ለእባብ ይተያያሉ ካብ ለካብ» ይባላል፤ እኛ የምንተያይበት ካብ እንኳ አልነበረንም።

ቀልድ ያውቃል፤ ይህን አልክደውም። በሻይ ሰዓት ቢሮውን ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው። በጣም የሚወደው እንዲህ የሚለውን ነበር፦ «አንድ ኑዌር፣ አንድ አኙዋክና አንድ ደገኛ መንገድ ላይ እባብ አዩ። ኑዌሩ ‹ከብቶቼን ካልነካ ይለፍ› አለ። አኙዋኩ ‹ዱካው ከየት መጣ?› ብሎ መሬት መሬቱን አየ። ደገኛው ስብሰባ ጠራ።»

«እባቡስ ምን አለ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እባቡ? ቃለ ጉባኤ ያዘ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ኃላፊው ራሱ፣ ስብሰባ ሳይጠራ የማይውለው ሰውዬ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ‹ይሄ ደገኛ የሚለው እኔን ይሆን?› እያልኩ ነገሩን አገላብጠው ጀመር።

በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «ቲቸር፣ ጠዋት ጫማሽን ሳታራግፊ እግርሽን እንዳታስገቢ። ጊንጥ የደጋ ሰው እግር ይወዳል፤ ለስላሳ ነው።» ፈራሁና እሺ አልኩ። የእኔንም የልጄንም ጫማ በየጠዋቱ ደፍ ላይ አንኳኳሁ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አምስት ወር። አሸዋ እንጂ ሌላ ነገር ወድቆ አያውቅም። ባንኳኳሁ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ ሲስቅ ይሰማኛል። አንድ ቀን ተውኩት። ከዚያ ወዲያ የሚናገረውን ሁሉ ግማሹን ለቀልድ፣ ግማሹን ለተንኮል መደብኩት። ለእውነት የተረፈ አልነበረም።

ከእሱ የተቀበልኩት አንድ ነገር ቢኖር ጠረጋውን ነው። የእነሱ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ሣር አያስቀሩም። ማታ ፀሐይ ሳትገባ መሬቱን በቅጠል ጥርግ ያደርጉታል፤ ጠዋት ያደረውን ሁሉ መሬቱ ይናገራል። አጎንብሶ አሳየኝ፤ ይሄ ዶሮ ነው፣ ይሄ እንቁራሪት፣ ይሄ የልጅሽ እግር። «እባብ ሲያልፍ ደግሞ እንዲህ ይጽፋል» አለና በጣቱ ጥምዝምዝ ያለ መስመር አሰመረ። ልጄ ይህን ወደደችው፤ ጠዋት ጠዋት እየተነሣች አብራው መሬት ታነብ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄስ?» ትለዋለች። እኔ ከበሩ ሆኜ አያቸዋለሁ። ልጄን ማላመዱም አላማረኝም።

የእንጨቱን ነገር ግን አልሰማሁትም። ጎሬ የዝናብ አገር ነው። እንጨት ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ጫፍና ጫፉ እኩል ሆኖ ይከመራል። እናቴ የሴት ሙያ ከእንጨት ክምሯ ይታያል ትል ነበር፤ እኔም ጋምቤላ ገብቼ መጀመሪያ ያቆምኩት ክምሬን ነው። እሱ ግን አራት ባላ ግቢው መሀል ተክሎ፣ ከጉልበት ከፍ አድርጎ እንጨቱን እዚያ ላይ ይረበርበዋል። ዝናብ ሲመጣ ይረጥብበታል፤ ከዚያ ዓይኑ በጭስ እየተጨናበሰ እፍ ሲል ያመሻል።

«ለእንጨት አልጋ ሠርቶ ዝናብ የሚያስመታ ሰው አንተን አየሁ» አልኩት።

«ደገኛ እንጨቱን ቤት ያስጠጋል» አለኝ። «እንጨቱ ደግሞ እንግዳ ያስጠጋል። ከግድግዳው አንሺው፣ ቲቸር።»

ቀን ቀን ልጄን የምትጠብቅልኝ፣ እዚያ አገር ብዙ ዓመት የኖረች የልብስ ሰፊ ሚስት ነበረች፤ እሷም እንደ እኔ ደገኛ ናት። ይህን ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እህቴ። ዛሬ እንጨቱን አንሺ ይልሻል፤ ነገ ዕቃሽን አንሺ ይልሻል» አለችኝ። ይህ ቃል ልቤ ውስጥ ተተከለ።

ክረምቱ ገባ፤ ሣሩ ከዙሪያው አጥር ውጭ በአንድ ሳምንት ሰው አከለ። አንድ ጠዋት ወደ ቢሮ ስንወጣ ቆም አለና «ቲቸር፣ እንጨትሽ ውስጥ እባብ አለ» አለኝ። አይስቅም። ግን ኢትዮጵያ ደህና ናት ወይ ብሎ ሲጠይቀኝም አልሳቀም።

«እንደ ጊንጡ?» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ፈገግ አለ። ያች ፈገግታ በቃችኝ፤ ያዝኩህ አልኩ በልቤ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢዬን በቀን ሁለቴ እጠርግ ጀመር፤ ማታም፣ ጠዋት ከመውጣቴ በፊትም። ለእባብ ያስተማረኝን ጠረጋ ለእሱ አዋልኩት። አልተሳሳትኩም መሰለኝ። ከሥራ ስመለስ የበረባሶው ዱካ እስከ ክምሬ ድረስ መጥቶ ተመልሷል፤ እኩል ያደረግሁት የእንጨት ጫፍ ተዛብቷል። ጠዋት ስነሣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከክምሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ሣሩ የሚሄድ፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ መስመር፤ ግንድ ሲጎተት የሚተወው ዓይነት። ቀን መርጦ ያዘጋጃል፣ ሌሊት ይጎትታል አልኩ። እንጨቴ የጎደለ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው አንድም አልጎደለም፤ ያን ጊዜ ግን መጉደሉን በዓይኔ አየሁ ብዬ እምል ነበር።

ሦስት ጠዋት ያንን መስመር አየሁ። ሦስቱንም ጠዋት ልጄ ሳትነሣ ጠርጌ አጠፋሁት፤ እንዳታየውና ለእሱ እንዳትነግረው። ለማንም አልተናገርኩም። እጅ ከፍንጅ ልይዘው፣ ከዚያም የቋሚነቱ ውሳኔ ሲደርስ ለኃላፊው ‹ጎረቤቱን የሚሰርቅ ሰው ማኅተም ይዞ ይታመናል?› ልለው ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቼዋለሁ፤ ነጥቡ ሳይቀር።

በአራተኛው ቀን ለምሳ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ትንሽ ቆይቼ ተከተልኩት። በቤቱ ጀርባ ዞሬ ስደርስ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በግራ እጁ ዱላ ይዞ፣ በቀኙ አንዱን ግንድ ቀስ አድርጎ ከክምሩ እያነሣ ነበር።

«ሌባ!» አልኩ። ሰፈሩ በሙሉ የሰማኝ ይመስለኛል።

ዞሮ አየኝ። እጁን ግን አላነሣም፤ ለማንሣት ጊዜ አላገኘም። ከእንጨቱ ሥር የሚፈላ ድስት ክዳኑ ሲነሣ የሚያወጣው ዓይነት እስትንፋስ ሰማሁ። አጭር፣ ወፍራም፣ የአፈር መልክ ያለው ነገር ተወርውሮ እጁን መታውና ተመለሰ። እሱ አልጮኸም። በግራ እጁ በያዘው ዱላ ሁለት ጊዜ መታው፣ ሦስተኛ ደገመው፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ትክ ብሎ አየው።

«ልጅሽ የት ናት?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊው ቤት።»

«ጥሩ» አለ።

ሰው ተሰበሰበ። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ደገኛና አገሬው በትንሽ ነገር የሚፋጠጡበት ወቅት ነበር። አንድ ዘመዱ በእኔ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ ሌባ ብሎ የጮኸው ማነው አለ። የተነደፈው ፊቱ በላብ ተጠምቆ ነበር፤ ቢሆንም ቀና አለና «እባብ ነው ያለችው። በደንብ አልሰማችሁም» አላቸው። ለእኔ ሲል የዋሸው ያኔ ነው። በቢሮው መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። እኔ እንጨቱ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ፤ አፍሬ ነበር፣ አፍሬም ግን ‹ለምን ሸፈነልኝ? ምን ፈልጎ ነው?› እያልኩ ነበር። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ደግነትንም አላምን ይላል።

ከአንድ ወር በላይ ተኛ። የመርዙ መድኃኒት በጊዜው አልተገኘም። ጠቋሚ ጣቱ ጠቁሮ ተቆረጠ፤ አውራ ጣቱ ተረፈ፣ ግን አይታጠፍም። በታይፕ ሥራ የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት ምን ያህል እንደሚሸከም እኔ ያስተማርኩት ሰው ያውቃል።

ውሳኔው በቀኑ ደረሰ። የተመደብኩት እኔ፤ የምደባውን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔ፤ ሌላ የሚጽፍ አልነበረም። «ሌላው ተወዳዳሪ በደረሰበት ድንገተኛ አደጋ ምክንያት» የሚለው ላይ እጄ ቆመ። ኃላፊው ከጀርባዬ መጥቶ፣ ምነው አለኝ። ምንም አልኩና ጨረስኩት። አንድም ስህተት አልነበረበትም። እሱን ዕቃ ክፍል መደቡት፤ ቤቱን ለቅቆ ወንዙ ዳር እህቱ ጋ እንዲገባ ሆነ።

ዕቃውን ሊወስድ የመጣ ቀን ከአልጋው በፊት አራቱን ባላዎች ነቀለ። ወደ እህቱ ይወስዳቸዋል ስል፣ በእኔ ግቢ መሀል ጉድጓድ ቆፍሮ ተከላቸው። ቀኝ እጁ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። ላግዝህ ስለው «ተይው» አለኝ። እንጨቴን ከግድግዳው እያነሣ አንድ በአንድ እዚያ ላይ ረበረበው። ልጄ ጫፍና ጫፉን እኩል ታደርግለት ነበር፤ እሷን ግን እንድትነካ ፈቀደላት።

ሲጨርስ ላቡን ጠረገና «ቲቸር፣ ያ እፉኝት ነበር» አለኝ። «እፉኝት እንደ ሌላው አይጠማዘዝም። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ እንጨት የተጎተተ ነው የሚመስለው። እሱን አላሳየሁሽም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ስደርስ ሁልጊዜ ተጠርጎ ነው የማገኘው። አንቺ ዱካውን አይተሽ ነበር?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«አላየሁም» አልኩት።

በዚያ ጠዋት የጠረግሁትን መሬት ትንሽ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «ደገኛ ወረቀት እንጂ መሬት አያነብም» አለና ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ቀልዱ ይሁን ማወቁ፣ ይቅርታው ይሁን ፍርዱ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ፊቱን እያስታወስኩ አገላብጠዋለሁ፤ አልለየልኝም። ልጠይቀው የምችልባቸው ብዙ ቀኖች ነበሩ፤ ዕቃ ክፍል በር ላይ እያየሁት የካርቦን ወረቀት ፈርሜ ወስጄ እመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጫማ ማራገፉን እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው ክረምት አንድ ጠዋት ደፍ ላይ ሳንኳኳ ከልጄ ጫማ ውስጥ ጊንጥ ወደቀ። ጭራውን አንሥቶ ቆመ። ገደልኩትና ሳላስበው ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ፤ ማዶ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም።