ሲስተር ጫልቱን የቀበርን ዕለት የፈራነው

ሲስተር ጫልቱን ለምታውቁ ሁሉ፦

ሲስተር ጫልቱ ባለፈው ሳምንት ጉደር በሚገኘው ቤታቸው በልብ ሕመም አርፈዋል። አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ግን «ስታክመው የኖረችው የሳንባ በሽታ እሷንም በላት» የሚል ወሬ አምቦ ደርሶ ነበር። ነገ ጠዋት መድኃኒቱን ሊውጥ የሚመጣ በሽተኛ ይህን ሰምቶ ቢቀርስ?

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። አምቦ ቤት ተከራይቼ ሳስተምር ሳል ያዘኝና አልለቅ አለኝ። አከራዬ እትዬ አስካለ እንዳይሰሙኝ ትራስ ነክሼ እስል ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ነው ሲሉኝ ቀድሞ የታየኝ ዕቃዬ ከግቢው ተጥሎ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ነበር። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ጉደር ሄጄ ለመታከም ቆረጥኩ።

የመጀመሪያው ቀን ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ እንደኔ የተሸፋፈነች ሴት ነበረች። ስትስል ደነገጥኩ፤ ሳሉን በግድግዳ በኩል ስሰማው የኖርኩት ነው። እትዬ አስካለ!

«ወይኔ ማርያም! ልጄ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ፤ ተከራይ ሁሉ ይሸሸኛል» አሉኝ እጄን ይዘው።

ሲስተር ጫልቱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «አንድ ግቢ እየኖራችሁ ጉደር ድረስ ትሸሻላችሁ?» አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ከበድ አለ። «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ነይ፣ ቁጭ በይ ማለታቸው ነው። «ይህ በሽታ ይድናል። የማይድነው መድኃኒቱን ጀምሮ የሚያቋርጥ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

እውነትም ይፈሩ ነበር። አንድ ሰው ከቀረ ጋውናቸውን እንደለበሱ ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፍቱ ተሳፋሪው «ሲስተር፣ ብርድ ሊመታን ነው!» እያለ ይጮሃል። «ብርዱን ጋቢ ይመልሰዋል፤ የታፈነ አየር ግን ምን ይመልሰዋል?» ይላሉ፤ መስኮቱንም አይዘጉም። እኔና እትዬ አስካለ እየተጠባበቅን እስክንድን ድረስ አብረን ተመላለስን።

በቀብራቸው ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ወሬውን ፈርቶ ድንኳኑ ውስጥ ቀረ። ልጃቸው ቤት ውስጥ ብቻዋን ታለቅሳለች፤ የዕድሩ ሴቶች እንኳ ምግቡን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ያን ሳይ ፈራሁ። እኒህ ሁሉ ሰዎች ስንት በሽተኛ አድነው ያሳዩዋቸውን ሴት ከሸሹ፣ ነገ የሚያስለውን ጎረቤታቸውን ምን ያደርጉታል? እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «በሳንባ ቢሆንስ ኖሮ? እኔን በሳንባ ስሞት ያዳነችኝ እሷ አይደለችም እንዴ!» ብለው ገቡና ልጅቷን አቀፏት። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ከኋላችን ግን ማንም አልገባም።

በማግሥቱ ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ መድኃኒታቸውን ሊውጡ እንዳልመጡ ሰማሁ።

ሲስተር፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚያመጧቸው እርስዎ አሁን የሉም። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። የተማሪዎቼ ወላጆች ያነቡታል፤ ልጆቻቸውን ከክፍሌ ያስወጡ ይሆናል። አከራዮችም ያነቡታል። ፈርቻለሁ። ቢሆንም እርስዎ ማንን እንዳዳኑ ሁሉም ይወቅ፦ የሳንባ ነቀርሳ ታምሜ ነበር፤ እርስዎ አክመውኝ ድኛለሁ። ደኅና ይሁኑ፣ እናቴ።

መምህርት ብርቄ፣ አምቦ