ግማም የማይገባበት ቤት

አየሁሽ ከደንቢያ ወደ መተማ የወረደችው ባሏን ጀምበሩን ተከትላ ነው። በዚያን ዕለት አባቷ አባ ሰጠኝ ከደጃቸው ቆመው፣ «ቆላ የሰው አገር አይደለም! ወባው ቢምርሽ ተባዩ አይምርሽም። እኔ እንደሆንኩ እዚያ እግሬን አላነሳም!» ብለው ፊታቸውን አዙረውባት ነበር።

አይ ሰው! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ጣሊያን በገባ በማግሥቱ ዓመት የአባ ሰጠኝ መንደር ተቃጠለ። ሚስታቸው ከዚያ በፊት አርፈዋል። ጎተራ የለ፣ በሬ የለ፣ የሚጠጉበት ጎረቤት እንኳ የለ። በጥቅምት ወር ከነጋዴዎች ጋር ወደ መተማ እንደሚወርዱ ላኩባት። «የልጄን ዓይን አይቼ እመለሳለሁ» ነበር መልእክታቸው።

«ወዴት ነው የሚመለሱት?» አለች አየሁሽ መልእክቱን ላመጣላት ሰው። «አመድ ላይ ሊተኙ ነው?» ጀምበሩ ጫካ ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ነው፤ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። እሷም ብቻዋን፣ አባቷም ብቻቸውን። እዚሁ አስቀራቸዋለሁ ብላ ቆርጣ ተነሣች። ግን የአባቷን ጠባይ ታውቃለች። እኚያ ሽማግሌ ሰበብ ካገኙ አንዲት ሌሊት አያድሩም።

ሰበቡ ደግሞ በደጇ ነበር። በመተማ ዝናቡ አባርቶ ማሽላው ሲያፈራ ግማም የሚሉት በራሪ ተባይ ይነሣል። ሱዳኖቹ አንዳት ይሉታል፤ ከደጋ የወረደው ሰው ግን ሽታውን አይቶ ግማም ብሎታል፣ እውነቱንም ነው። ቀን ማሽላና ሰሊጥ ሲመጥ ይውልና ሲመሽ ብርሃን አይቶ ቤት ይገባል። ካልነኩት ምንም አይል። የነኩት እንደሆነ ግን፣ እግዚኦ! ያ ሽታ ከጣት በውኃ አይለቅም፣ ከእንጀራም ጋር ይበላል።

አየሁሽ በመጀመሪያው ዓመቷ ትኋን መስሏት አልጋዋን ሁሉ በፈላ ውኃ ስታጥብ፣ ጎረቤቷ ሙሚና አይታ በሳቅ ፈርሳ ነበር። ሙሚና የሱቅ ነጋዴ ሚስት ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ጠረፍ ላይ ነው።

«ወላሂ ደገኛ ጉድ ናችሁ! ነይ እዪው እስቲ» አለቻት፣ አንዱን በቅጠል አንሥታ። «ትኋን ክንፍ የለውም፤ ይሄ ይበራል። ትኋን ጠፍጣፋ ነው፣ ሰው ይበላል። ይሄ ጀርባው ጋሻ ይመስላል፣ ጠጉርም አለው፣ የሚበላው ማሽላሽን ነው። አንቺን ምን ያደርግሻል? ብቻ አትጨፍልቂው።»

ከዚያ ወዲህ አየሁሽ የሙሚና ደቀ መዝሙር ሆነች። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በእበት ትመርጋለች። ጣራውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ክፍተት በገለባ ትወትፋለች። ሲመሽ ፋኖሱን ከቤት አውጥታ ደጅ ታንጠለጥልና ከሥሩ አመድ የተበጠበጠበት ውኃ በገበቴ ታኖራለች፤ ግማሙ ብርሃኑን ሲዞር ውኃው ውስጥ ይወድቃል። የታጠበ ልብስ ሳታራግፍ አታስገባም። የአገዳ ነዶ ደጃፏን አልፎ አያውቅም። በዚያ ሰፈር ግማም የማይገባበት ቤት የት ነው ቢባል የአየሁሽ ነበር።

አባቷ የሚደርሱበት ቀን ታዲያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ማለዳ ተነሥታ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ ጠላውን አይታ፣ ማጭዷን ይዛ ወንዝ ወረደች። እንግዳ ያውም አባት ሲመጣ ባዶ መሬት ላይ ይቀመጣል? በደንቢያ እናቷ ለክቡር እንግዳ ለምለም ሣር ሳትጎዘጉዝ ውላ አታውቅም። በጥቅምት መተማ ላይ ለምለም የሚገኘው ወንዝ ዳር ብቻ ነው። አንድ ሸክም አጨደች፤ ጠዋት ቀዝቃዛ ነውና ሣሩ ውስጥ ምንም ሲንቀሳቀስ አላየችም። ቤቷ ገብታ ከደጃፉ እስከ መደቡ ጎዘጎዘችውና ቆማ አየችው። እናቷ ቤት መሰለ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አባ ሰጠኝ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ። ከስተዋል፤ ጋቢያቸው ዳር ዳሩን ተቃጥሏል። ጉልበታቸውን ስማ፣ እግራቸውን አጥባ፣ መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዞር ዞር ብለው ቤቱን አዩ፤ አፍንጫቸውን ነፉ፤ የሚነቀፍ አጡ።

«ደግ ነው» አሉ ቀዝቀዝ ብለው።

አየሁሽ ልቧ በደስታ ዘለለ። ጠላውን ልትቀዳ ጎንበስ ከማለቷ በምድጃው እሳት ቤቱ ሞቀ፣ ሣሩም ሞቀ፣ በሣሩ ውስጥ የተኛውም ሁሉ ነቃ። አንዱ በእግራቸው ወጣ። አንዱ በጋቢው ገባ። አንዱ አንገታቸው ላይ ሲደርስ ሽማግሌው በመዳፋቸው ጠፈጠፉት።

«ኡ ኡ! ትኋን!» ብለው ተነሡ። «ያ ጀምበሩ ልጄን የትኋን ቀለብ አደረጋት! አላልኩም? አላልኩም ወይ!» ሲረግጡ ሌላው ፈነዳ፣ ያንን ሲያራግፉ ሌላው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጥተው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ነገ ሲነጋ እሄዳለሁ። አመዴ ላይ ብተኛ ይሻለኛል።»

አየሁሽ መሀል ቤት ቆማ ቀረች። ያን ሁሉ ወር የደፈነችው ቀዳዳ ምን ሆነ? ከየት ገባ? ሙሚና ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ ከደጃፉ ሣሩን አየች፣ ወዲያው ገባት።

«አየሁሽ! በእጅሽ ተሸክመሽ አስገባሽው? በዚህ ወር ሌላው ሣር ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ ይሄ ፍጥረት የት ይደር?» አለችና አንዱን በቅጠል ይዛ ወደ ሽማግሌው ሄደች። «አባ ሰጠኝ፣ ይዩት። ትኋን አይደለም፣ ክንፉን ይዩት። በልጅዎ ቤት ትኋን ቢገኝ እኔ ይህን አገር ለቅቄ እሄዳለሁ። ሣሩ ነው ያመጣው።»

ሽማግሌው አገላብጠው አዩት። አርሶ አደር ናቸውና ሣር የሚበላና ደም የሚመጥ ለመለየት አፍታ አልፈጀባቸውም።

«ማነው በጥቅምት ቆላ ውስጥ ሣር የጎዘጎዘ?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች አየሁሽ። «እናቴ ለእንግዳ እንደምትጎዘጉዘው ብዬ ነው፣ አባዬ። አገርዎን እንዳይናፍቁ ብዬ ነው።»

አባ ሰጠኝ ግማሙን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። እንባቸውን በዚያ በገማ እጃቸው ሊጠርጉ ሲሉ ሙሚና እጃቸውን ያዘች፤ «ዓይንዎን ያጠፋብዎታል!» አለች። ሦስቱም ሳቁ። ሣሩን አውጥተው አቃጠሉት።

ማለዳ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ከደጃፉ ሲወጡ ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

«ይህን ክፍተት በገለባ ነው የወተፍሽው? ሞኝ! ነፋስ ይወስደዋል። ጭቃ አምጪ። ይህን ልድፈንና ነገ እሄዳለሁ።»

በማግሥቱ የኋላውን ግድግዳ ተሰንጥቆ አገኙት። ከዚያ የገበቴው አመድ ቀጥኗል አሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ «ነገ እሄዳለሁ» ሳይሉ የተኙበት ቀን የለም፤ ጣሊያን እስኪወጣ ግን ከአየሁሽ ቤት ንቅንቅ አላሉም። ሰፈሩ ሁሉ ግማም ሲበዛበት እርሳቸውን ይጠራ ጀመር። ሙሚና እንኳ፣ «ያስተማርኩት እኔ፣ የሚጠሩት እሳቸው!» እያለች ታላግጥባቸው ነበር።

በሠላሳ አራት ደንቢያም ነፃ ወጣ። ጀምበሩ ከጫካ ገባ፤ የአባ ሰጠኝም መሬት ባለቤቱን ይጠብቃል የሚል ወሬ ከደንቢያ መጣ። ሽማግሌው በትራቸውን አነሡ፤ በዚህ ጊዜ የምር ነው። አየሁሽ ስንቃቸውን ቋጠረች፤ የአገሩን ሰው አገርህ አትግባ ማን ይለዋል? ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ወሬ የለም። ቀርተዋል አለች፤ አለቀሰችም።

ጥቅምት ሲጠባ አንድ ነጋዴ፣ «አባትሽ ለዛሬ ማታ ይደርሳሉ» አላት። አየሁሽ ወንዝ በረረች። በዚህ ጊዜ ግን ሣሩን በፀሐይ አሰጣች፣ አራገፈች፣ እፍኝ በእፍኝ ፈተሸች። አንድም ነፍስ እንደሌለበት ካየች በኋላ ጎዘጎዘችው።

አባ ሰጠኝ ደርሰው ከደጃፉ ቆሙ። አልገቡም። ሣሩን አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ማን ሊመጣ ነው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ አባዬ!»

«እኔ? እኔ እንግዳ ነኝ?» አሉ። ጎንበስ ብለው ሣሩን በእቅፋቸው እያፈሱ ወደ ደጅ ይወረውሩ ጀመር። «ቤቴ ስገባ ሣር የሚጎዘጎዝልኝ ከመቼ ወዲህ ነው? አንሺልኝ ይህን!»

አየሁሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ግማም ነው አባዬ፤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።»

«ውሸታም» አሉና ባዶው መደብ ላይ ተቀመጡ። «እኔ እያለሁ ግማም ከየት ገብቶ!»