በፍራሽ መጋዘን ውስጥ የተቀዱ ቃላት

ጁባ የገባሁት የደቡብ ሱዳኑ የታኅሣሥ ተኩስ ጋብ ካለ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ በዲንካ ቋንቋ አናባቢዎች ላይ ነበር። በዲንካ ቋንቋ አንድ ነገር ብዙ ሲሆን እንደኛ ቃሉ መጨረሻ ላይ «ኦች» አይቀጠልም። አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ላይ ያለው አናባቢ ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ አንዳንዴም በትንፋሽ ይለሰልሳል። ያንን በኮምፒውተር ለመለካት ጥርት ያለ ድምፅ ያስፈልገኝ ነበር። ጁባ ውስጥ የማይገኘው ደግሞ እሱ ነው።

ሃይ ማላካል ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ግራና ቀኟ ጄኔሬተር ነው። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይነሳል። ሁለቱም ያረፉ ዕለት ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት በመስኮቴ ሥር እያንባረቀ ያልፋል፣ ወይም የጎረቤት ቤተክርስቲያን መዘምራን ልምምድ ይጀምራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቅጂ በሙሉ ተበላሸ። አዲስ አበባ ላሉት አማካሪዬ ናሙና ልኬላቸው የመለሱልኝ ኢሜይል አንድ መስመር ነበር፤ «የጄኔሬተሩ አናባቢ ጥሩ ተቀድቷል፤ አሁን ደግሞ የሰው ላኪ።»

ቃላቱን የምትጠራልኝ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። እናቷ አዝለዋት ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው፣ እዚያው አድጋና ተምራ የተመለሰች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ አይተናነስም። አማራት የሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለች። አንድ ቀን ሁለት ቃላት ጠራችልኝና አንድ መሰሉኝ።

«ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

«አይሰማሽም እንዴ?»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ስምንት ጊዜ ደገመችልኝ። ከዚያ ሳቀች። «ይሄን እኮ የሦስት ዓመት ሕፃን ይሰማዋል። አንቺ በዚህ ነው ዶክተር የምትሆኚው?»

እኔ አልሳቅኩም። ኮምፒውተሩ ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጆሮዬ ግን አልያዘውም። ስለ ድምፅ ስማር የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓይኔ የሚሰማውን ጆሮዬ አለመስማቱ እንዴት እንዳበገነኝ መናገር አልችልም።

ከቤቴ ፊት ለፊት ከወሎ የመጡ ሐጂ ፍራሽ በጅምላ ያከፋፍላሉ። ትራስ ልገዛ መጋዘናቸው ገብቼ ስናወራ የገዛ ድምፄ አፌ ላይ ሲቀር ታወቀኝ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በስፖንጅ ፍራሽ ተሞልቷል። አንዴ አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባው እንደወጣ ሞተ። የውጪው ጄኔሬተር ከነጭራሹ የለም።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ ሐጂ ደንግጠው።

«እዚህ ሁለት ወንበር አስገብቼ ብሠራ ይፈቅዱልኛል?»

«ምን ልትሠሪ?»

«ሰው ሲናገር ልቀዳ።»

«የፍራሹን ላስቲክ እንዳትቀዱብኝ እንጂ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ግቡ» አሉ።

የሠራሁት ሥራ ሁሉ የዚያ አንድ ወር ነው። ቃላቱን የምትጠራልኝ ወዳጄ እናቷን ከሎሎጎ ሰፈር አመጣቻቸው። እናትየው የተወለዱበትን መንደር አነጋገር ከሌላ ሳይደባልቁ ስለሚናገሩ ለጥናቱ ከልጃቸው ይሻሉ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ልጃቸው ቃሉን በዓረብኛ ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው በዲንካ አምስት ጊዜ ይጠሩታል፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን «ታንኳ» ላይ ደረስን። ሁለት ጊዜ ጠሩትና ቆሙ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማይኩን ረስተው፣ መዳፋቸውን ውሃ እንደሚገፋ ሰው እያንቀሳቀሱ። ልጃቸውን አየኋት፤ አትተረጉምልኝም፤ ዓይኗ እናቷ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ባትሪውን አየሁ። ዝርዝሬ ላይ ገና ከመቶ በላይ ቃል አለ። መቅጃውን አጠፋሁና ሦስት ጣቶቼን አነሳሁላቸው፤ ሦስት ይቀራል።

መዳፋቸውን አውርደው ጭናቸው ላይ አኖሩ። መልሼ ስከፍት ሦስቱን ጠሩልኝ፣ ጥርት አድርገው።

በሳምንቱ መጋዘኑ በር ላይ የጭነት መኪናዎች ቆመው አገኘሁ። ለተፈናቃዮች ፍራሽ የሚያድል ድርጅት ያለውን ሁሉ ገዝቶታል። «ኸላስ፣ አለቀ» አሉኝ ሐጂ እጃቸውን እያራገፉ። ባዶ መሬት ላይ ለሚተኛ ሰው በሚሄድ ፍራሽ መናደድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ተናደድኩ። ባዶው መጋዘን ውስጥ አንድ ቃል ብጠራ ከቆርቆሮው ተላትሞ እየተመለሰ ራሱን ይደግማል። ሌላ ጭነት መንገድ ላይ ነው ተባለ፤ ዝናብ መጣ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ጭነቱ ቀረ።

በቆመ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግተን ሞከርን። የጁባ ሙቀት በዚያ ላይ። እናትየው አሥር ቃል ያህል ጠርተው በሩን ከፈቱና ወረዱ። ብዙም ሳይቆዩ ኡጋንዳ ወዳለችው ትልቋ ልጃቸው ሄዱ።

የተቀዳውን መለካት ስጀምር አማካሪዬ ጻፉልኝ፤ «ታንኳ ላይ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አጥረዋል፤ ምን ሆኖ ነው?» ምን እንደሆነ አውቃለሁ። «ተናጋሪዋ ደክመው ነበር» ብዬ መለስኩና ሦስቱን ከስሌቱ አወጣኋቸው።

አንድ እሑድ ወዳጄ መጣች። ሻይ እንኳን አልጠጣችም።

«የታንኳውን ስጪኝ።»

«የቱን?»

«ማማ ያን ቀን ያወራችውን። ስንሰደድ ስለተሻገርነው ወንዝ ለእኛ ነግራን አታውቅም። የነገሩን ሌሎች ሰዎች ናቸው።»

«አልተቀዳም» አልኳት። «አጥፍቼው ነበር።»

«ለምን?»

«ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።»

ይህን ከአፌ ሳወጣ ራሴን ጠላሁት። ግን ሰው ሲያፍር ይከላከላል፤ «አንቺስ አጠገባቸው ሆነሽ ትሰሚ አልነበረም?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። ወንዙ ስለወሰደው ወንድሜ ልትናገር ስትጀምር ጣትሽን አነሳሽ።»

ወንድም እንደነበራት ያን ዕለት ሰማሁ። ለወራት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

እዚያው ሆነን ኡጋንዳ ደወልን። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ወዳጄ ጠየቀቻቸው፤ እናትየው ግን «የምን ታንኳ?» አሉ፤ ጁባ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነም ጠየቁ። ልጃቸው ደጋግማ ብትሞክር ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጡ።

ጥናቴ ከታሰበው ቃል በግማሹ ተጠናቀቀ። ከጁባ ስወጣ መቅጃውን ለእሷ ትቼላት መጣሁ። የሚያስታርቀን አይደለም፤ ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። ለገና ኡጋንዳ ሄዳ ሁለት ሳምንት ቆየች። እናቷ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ በቆሎ ዱቄት አወሩ፤ ስለ ወንዙ አንድም ቃል የለም። እሷ ግን ሁሉንም ቀድታ የመቅጃውን ካርድ ላከችልኝ፤ «ጩኸቱን አውጪልኝ» የሚል መልእክት አብሮት ነበር።

ከፈትኩት። ዶሮ ይጮኻል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ ልጆች ይጣላሉ፣ መሃሉ ላይ እናትና ልጅ ያወራሉ። ሁለት ቀን ታገልኩት። ዝናቡን ስቀንስ የእናትየው ድምፅ አብሮ ይሳሳል። እውነቱን ጻፍኩላት፤ ጩኸቱ ከወጣ እሳቸውም ይወጣሉ።

«እንግዲያው ተይው፣ እንዳለ ላኪልኝ» አለችኝ። ላክሁላት።